ወንበሯን የዘረጋችበት ደጅ

ሦስት ምእመናን በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አራተኛዋ እርሷ ናት። ቤተ መቅደሱ ባለ ጉልላት ይሁን ባለ ቆርቆሮ፣ ሰባኪው አንደበተ ርቱዕ ይሁን ኮልታፋ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ አንዲት ዝምተኛ ሴት ተቀምጣ ታገኛላችሁ። ስብከቱን የምትሰማው ፊት ለፊቷ የተደረደረውን ጀርባ እያየች ነው። ማን እንደ ከሳ፣ ማን እንደ ጎበጠ፣ የማን ቦታ ባዶ እንደ ሆነ ታያለች። ከዚያም በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠራት፣ በአንድ ሰው ደጅ ትገኛለች። እንዲህ ያለች ሴት አናውቅም የምትሉ ከሆነ እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ አመስግናችሁም መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ደጃችሁ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ የክርስትና ስምም የመዝገብ ስምም ነበራት። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን «ባለ ወንበሯ» በሚለው ማዕረግ ነው። ሥራዋ ልብስ ማስተካከል ነው፤ የሰፋውን ታጠብባለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች። ከሥራ ስትወጣ በብብቷ አንዲት ተጣጣፊ ወንበር ትይዛለች፤ የወንበሯ እግር ብረት፣ መቀመጫዋ ፀሐይ ያደበዘዘው አረንጓዴ ሸራ። «በሽተኛ ያለበት ቤት መቀመጫ አይበቃም» ትላለች። ጫማዋ ጎማ ስለ ሆነ ኮቴዋ አይሰማም። የሚሰማው ወንበሩ ሲዘረጋ ነው፤ «ቋ!» ይላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ማንኪያውን በአፉ እንደ ጎረሰ ይቀራል።

«አልቆይም፤ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው» ይህ የዘወትር ቃሏ ነው። እንዲህ ብላ ተቀምጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተነሣችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስትነሣም፣ ይቅር ይበለን፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ቀድሟት ወጥቷል።

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ነገር ሁላችንንም አስደንግጦን ነበር። መምህሩ በየማለዳው አደባባዩን ሦስት ጊዜ የሚዞሩ፣ ከወጣት ጋር የሚሟገቱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ባለ ወንበሯ ልጃቸውን ደረጃ ላይ አገኘቻትና «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«እንዲያው ነው» ብላ ወረደች። በአምስተኛው ቀን ወንበሯን በደጃቸው ዘረጋች። በሃያ አራተኛው ቀን መምህሩን ቀበርናቸው።

ከዚያ ወዲህ የእርሷን «እንዴት ነው?» የሰማ ሰው ዐይኑን ከእርሷ አይነቅልም። ሰዓት ጠጋኙ ደግሞ በርሜል የሚያህል፣ ሲስቅ የሱቁ መስታወት የሚርገበገብ ሰው ነበር። ሐሙስ ዕለት በደጁ ተቀመጠች። «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። በነጋታውም መጣች፣ ቅዳሜም መጣች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ወደቀ፤ ራሱን በጉልበቷ ላይ ያሳረፈችው እርሷ ነበረች።

ስለ ፋርማሲስቱ ስናገር ፈገግ ማለት ይገባ እንደ ሆነ አላውቅም። አማቱ ታመው የተኙ ሰሞን አንድ ጠዋት «ቋ!» የሚል ድምፅ በደጁ ሰማ። የተማረ ሰው ነው፤ መድኃኒት በሚሊግራም የሚመዝን ሰው ነው፤ ነገር ግን መጋረጃውን ዘግቶ ከሶፋው ኋላ ተንበረከከ። በመዝጊያው ሥር ባለው ክፍተት የአራት ቀጫጭን እግሮች ጥላ ይታየው ነበር። ጥላው ከጠዋት ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ በወለሉ ላይ እያጠረ ቆየ እንጂ አልሄደም። በመጨረሻ አሮጊቷ ከመኝታ ቤት ጮኹ።

«አንተ! ከሶፋው ኋላ ውጣና ክፈትላት! የፈለገችው እኔን ነው፣ ምን አስፈራህ?»

ከፈተላት። አሮጊቷም በአሥራ ስድስተኛው ቀን በሰላም ዐረፉ። ፋርማሲስቱ ግን ሰላም አላገኘም። ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ መጣ፤ ባለ ወንበሯ የተቀመጠችባቸው ደጆች ስምንት፣ የሞቱት ሰባት። ስምንተኛዋ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ነበረች፤ እርሷ ድና ዱቄት ማቡካት ጀምራለች። ፋርማሲስቱ በስሟ ትይዩ «በሂደት ላይ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ጉባኤያችን ሰባት አባላት አሉት፤ እኔም በዕድሜም በአገልግሎትም አንጋፋው ነኝ። በጸሎት ከፈትን፣ በጸሎትም ለመዝጋት አሰብን፤ በመካከሉ የተነገረውን ግን ጌታ ይቅር ይበለን።

«ጥንቆላ ነው አላልኩም» አሉ ሰብሳቢው፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «አይደለምም አላልኩም።»

«እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ጸሐፊው። «ባለፈው እሑድ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። ከስብከቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጀርባዬን ታየኝ ነበር የሚል ሰው አለ። አይታችኋል?»

ጸሐፊው ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ያዘ።

ውሳኔው በአንድ ድምፅ ተላለፈ፤ እኅታችን ለምእመናን መረጋጋት ሲባል ሳትጠራ ወደ ማንም ደጅ እንዳትሄድ ይነገራት። መልእክተኛው እኔ ሆንሁ። «ቃል የተሰጠው እርሱ ነው» አሉ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስለ ፍቅር አስተምሬአለሁ። የሌሎችን ቂም የማላቅቅባቸው ምሳሌዎች በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ያህል ርቆ ከሚኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእናታችን ቀብር ላይ የመዝጊያውን ጸሎት የማደርገው እኔ ነበርሁ። ጸሎቱ፣ በእኔ ግምት፣ የተመጠነ ነበር። ዝናብ ሲያካፋ፣ ተሸካሚዎቹ እግር ሲቀያይሩ፣ እኔም ወደ ሦስተኛው ክፍል ስሻገር ወንድሜ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ይብቃህ እንግዲህ፣ ቅበራት!» አለኝ። አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደ ሳቀ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ዕዳውን ግን ወንድሜ ላይ አኖርሁት።

እንዲህ ያለው መልእክተኛ ነበር፣ የጉባኤውን ውሳኔ በኪሱ ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ባለ ወንበሯ ሱቅ የሄደው።

ሱቋ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጭንቅላት የሌለው የልብስ አሻንጉሊት በሩን ይጠብቃል። ከአንገቷ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ በከንፈሮቿ መካከል አራት ስፒሎች ነክሳለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ። በሩን ግን አይግፉት፣ ይቆለፋል።»

«አልቆይም» አልኋት። ቃሉ የእርሷ መሆኑ የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ወገቤን ተመለከተች። «ሰፋብዎ?»

«አይ፣ ለልብስ አልመጣሁም። ጉባኤው ልኮኝ ነው።»

«ጉባኤው ከሳ እንዴ?»

ፈገግታ በፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ በስፒሎቹ ምክንያት መለየት አልቻልሁም። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «የተከበርሽ እኅታችን፣ ለመንፈሳዊ ሥርዓትና ለምእመናን መረጋጋት ሲባል…» ብዬ ጀመርሁ። እየተናገርሁ ዐይኔ በክፍሏ ጥግ ወዳለ ረጅም መስቀያ ሄደ። ሱሪዎች፣ ቀሚሶች፣ ኮቶች ጥቅጥቅ ብለው ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በንጽሕና ተተኩሰው፣ በየደረታቸው ቁራጭ ወረቀት በስፒል ተያይዞ።

«እነዚያ የማን ናቸው?»

«ሊወስዷቸው ያልመጡ ሰዎች።»

«መቼ ይመጣሉ?»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች። ያን ጊዜ ከተሰቀሉት መካከል የመምህሩን ቡናማ ሱሪ ለየሁት። ወገቡ የልጅ ወገብ ያህላል። አየሩ በክፍሉ ውስጥ የቆመ መሰለኝ። ልብሶቹ ግን በጣም በዝግታ፣ ሰው ሲተነፍስ እንደሚሆነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሉ ነበር። በሩ ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ በሩ ክፍት እንደ ነበረ ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት።

በመስፊያ መኪናዋ ላይ ደግሞ አንድ ግራጫ ኮት ተዘርግቷል። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም፤ ቡኒ ነው። እናታችን ናት የተከለችው፤ የጠፋውን የሚመስል አጥታ። የአባታችን ኮት ነበር፤ አባታችን ሲያርፉ ወንድሜ ወሰደው። በጎኑ ላይ ሁለት ረድፍ ስፌት ነበረ፣ አንዱ ካንዱ ወደ ውስጥ የገባ። ሦስተኛው ረድፍ በጠመኔ ተሠምሯል።

ባለ ወንበሯ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ እንዴት ነው?»

እንደ ሌሎቹ ሁሉ እኔም እርሷን ትክ ብዬ አየሁ። የማነበው ወረቀት በእጄ ላይ ተጨማደደ።

«ታውቂያለሽ! ምን ሆኖ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«የሰው ገላ ምስጢር ነው፣ ጋሼ። ሜትሬን አምኖ የቆመልኝን ሰው በየደጁ አላወራውም። እኔ አልናገርም፤ እጠይቃለሁ። የተጠየቀው ሰው ሄዶ ቢያይ ምን ይጎዳዋል?»

«ስንት ሰው ሄዶ አየ?»

«አንድም። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ።»

የሰውን መክሳት ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ሜትሯ መሆኑ በዚህ ተገለጠልኝ፤ ልቤ ግን ገና መሸሻ ይፈልግ ነበር። «ሰዓት ጠጋኙስ?» አልኋት። «እሱ ልብስ አላመጣልሽም፤ ገላውም ሙሉ ነበር።»

«እሱን አላወቅሁም። ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት።» ጠመኔውን አንሥታ በጣቶቿ መካከል አዟዟረችው። «ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ደጅ ላይ ብቻ ለምን እንደ ደከመኝ ግን፣ ጋሼ፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ውሳኔውን ሳላነብ ወጣሁ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት ወደ ወንድሙ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ደብተር አወጣሁ። የዕርቅ ንግግር አዘጋጀሁ፤ መግቢያ፣ የበደሉ ትንተና፣ መደምደሚያ። አንድ ቀን መግቢያውን ጻፍሁ፤ በሁለተኛው ቀን አረምሁት። ባለቤቴ ከበላዬ ቆማ አነበበችው።

«ወንድምህ ነው ወይስ ጉባኤ?»

«ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ያምራል።»

«ሁለት ፌርማታ ነው እኮ! ይኼኔ በዳዴም ብትሄድ ደርሰሃል።»

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ትንተናውን ልጀምር ብዕሬን ሳነሣ በደጃችን «ቋ!» አለ።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ማማሰያውን እንደ ያዘች ወጣች። በመዝጊያው ሥር አራት ቀጫጭን ጥላዎች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ስለ ፋርማሲስቱ ስንት ጊዜ እንደ ሳቅሁ ትዝ አለኝ፤ እኔም መጋረጃውን ጨብጬ ቆሜአለሁና።

«ከሁለታችን ማናችን ነን?» አለች ባለቤቴ፣ በሹክሹክታ።

ዞር ብዬ አየኋት። ቀሚሷ ሰፍቷት እንደ ሆነ እየመረመርሁ መሆኔ ታወቀኝ። እርሷም የእኔን ወገብ ታይ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ በጥንቃቄ ተያይተን አናውቅም።

ከፈትሁ። ባለ ወንበሯ ከወንበሯ አጠገብ ቆማለች፤ አልተቀመጠችበትም።

«አልቆይም፣ ጋሼ። ወንበሩ ከበደኝና እንዲይዙልኝ ብዬ ነው። ወደ ወንድምዎ ቤት ነው የምሄደው።»

ወንበሩ አይከብድም። ልጅ በአንድ እጁ ያነሣዋል። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወንበሩን በብብቴ ያዝሁና ተከተልኋት።

ያን መንገድ አልረሳውም። ፀሐይዋ ደምቃ ነበር፤ ሰው ግን አልነበረም። ከፊታችን በር ይዘጋል፣ ከኋላችን መስኮት በጥቂቱ ይከፈታል። ፋርማሲስቱ እኔን ከወንበሩ ጋር ሲያይ የሱቁን መዝጊያ በቀን አወረደው። ውሻ እንኳ አልጮኸብንም፤ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀልን። ሁለታችን እየሄድን የሚሰማው ግን የአንድ ሰው ኮቴ ነበር፤ የእኔ ብቻ።

የወንድሜ ሚስት ሳናንኳኳ ከፈተችልን። አየችኝ፣ ወንበሩን አየች፣ ወደ ጎንም ፈቀቅ አለች። ወንድሜ በመስኮቱ አጠገብ ተጋድሟል። ወፍራሙ፣ ጯሂው፣ በየበሩ ሲገባ ጎንበስ የሚለው ወንድሜ ከብርድ ልብሱ በታች የታጠፈ ጨርቅ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል። ዐይኑ ግን ያው ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ባለ ወንበሯ ረዳት ቀጠረች?»

መግቢያዬ ጠፋኝ። «ኮቱን አየሁት» አልሁ።

«የአባባን?»

«አዎ።»

«ሦስተኛዬ ነው። ካስጠበብኩት ሰው አያውቅብኝም ብዬ ነበር።» ወደ እርሷ አመለከተ። «እቺ ግን ሜትሯ አፍ አለው።»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለች፣ ከወጥ ቤቱ በር ሆና።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ጋሼ! ቆመህ ልትቀብረኝ ነው?»

ወንበሩን ዘረጋሁ። «ቋ!» ሲል የወንድሜ ሚስት ፊቷን አዞረች። ተቀመጥሁ፤ ጉልበቶቻችን ሊነካኩ ደረሱ። ከዚያም ወንድሜ ዐይኑን ጨፍኖ «ጸልይልኝ» አለኝ። «አደራህን፣ እንደ እማማ ጊዜ እንዳታስረዝመው።»

ሠላሳ ዓመት ጸሎት ስመራ ቃል አጥቼ አላውቅም ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን አየሁት» አልሁ። ሌላ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ወንድሜ ዐይኑን እንደ ጨፈነ ቆይቶ፣

«በቃ?» አለኝ።

«ሌላ አልመጣልኝም።»

«ቀጥል እንጂ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ዛሬ አላቋርጥህም።»

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር እግሬን ነካኝ። ባለ ወንበሯ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጥታ ኖሮ ወለሉ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ከጎኑ ፎጣና ጥፍር መቁረጫ።

«ጋሼ፣ የእግሩ ጥፍር አድጓል» አለችኝና ወጣች።

እግር ስለ ማጠብ ስንት ትምህርት እንደ ሰጠሁ እግዚአብሔር ያውቃል። የሰው እግር በእጄ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ተረከዙ ቀዝቃዛ ነበር። ልጆች ሳለን ከዛፍ ወድቆ የተቆረጠበት ጠባሳ እንዳለ አለ። አጠብሁት፣ አደረቅሁት፣ ጥፍሩን አንድ በአንድ ቆረጥሁለት፤ ጸሎቴንም የቀጠልሁት በዚያ ነው።

ሃያ ሁለት ቀን ተሰጠን። በየቀኑ ሄድሁ። ብዙ ሳቅን፤ በእናታችን ቀብር ላይ የሳቀው ማን እንደ ሆነም ነገረኝ፤ ወንድሜ ራሱ ነበር፣ ማልቀሱን ሊሸሽግ። በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ በቀትር፣ እጁ በእጄ ውስጥ ሳለ ሄደ። በመቃብሩ ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገር ጸለይሁ። ማንም «ይብቃህ» አላለኝም። ቢለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ለጉባኤው ያቀረብሁት ዘገባ ከዚያ ይልቅ ያጠረ ነበር፤ «ተልእኮው አልተፈጸመም።» ፋርማሲስቱን ከነስም ዝርዝሩ አስጠራሁና በእያንዳንዱ ሟች ስም ትይዩ አንድ ጥያቄ በእጄ ጻፍሁበት፤ «ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?» ሰባቱንም እየጠራን መለስን። ባለ ወንበሯ ከተቀመጠችበት ደጅ ብቻውን የሞተ አልተገኘም። ፋርማሲስቱ ስለ አማቱ መልስ ሲሰጥ ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሲወጣም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እንዲህ ያለው ወንበር ከየት እንደሚገኝ ጠየቀኝ።

ኮቱን የወንድሜ ሚስት ለእኔ ሰጠችኝ። ባለ ወንበሯ ሦስቱን ረድፍ ስፌት በትዕግሥት ፈታችልኝ፤ በልኬ ሆነ። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ወንበሩን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሕፃናት ሲያዩን ይበተናሉ። ጸሐፊያችን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። እውነቱን ለመናገር አልፈርድበትም፤ አንዳንድ ቀን ከፊቴ ያለ ድምፅ ስትሄድ ሳያት እኔም የማውቀውን ሁሉ እረሳና ጀርባዬን ይበርደኛል። ያም ሆኖ እርሷ ባልመጣችበት ሳምንት ሰፈሩ ወላጅ እንደ ሌለው ቤት ይሆንብኛል።

ትናንት ከጉብኝት ስንመለስ እስከ ደጄ ሸኘችኝ። ልሰናበታት ስል ቆመች። ዐይኖቿ ከፊቴ ወረዱ፤ በኮቱ ጎን ላይ ዐረፉ፤ ቆዩ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ኮቱ ሰፋብዎ እንዴ?»

እጄን ወደ ጎኔ ሰደድሁ። በኮቱና በጎኔ መካከል ጭብጤ ገባ። ነፋስ ነበር፤ ምናልባት ነፋሱ ነፍቶት ይሆናል። ከመንገዱ ማዶ አንድ መስኮት ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

በሬን ወለል አድርጌ ከፈትሁ። ወንበሩን ከብብቴ አውጥቼ፣ በገዛ እጄ፣ በደጄ ላይ ዘረጋሁት። «ቋ!» አለ።

«ተቀመጪ» አልኋት።

«አልቆይም፣ ጋሼ» አለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ እየተቀመጠች። «ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።»